ሚኪ ሌላንድን በሞቱ ብቻ አታስታውሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካ ኮንግረስና ስለ ኢትዮጵያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ብዙ ነገር አግኝቼበታለሁ። ሚኪ ሌላንድ ላይ ስትደርሱ ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። በጋምቤላ አካባቢ በአውሮፕላን አደጋ የሞተ የኮንግረስ አባል አላችሁ፣ በቃ። ሐሰት የለበትም። ግን ሰውየው ከዚያ በፊት 44 ዓመት ኖሯል። ጋምቤላ ድረስ ያመጣውም በነዚያ ዓመታት የሠራው ሥራ ነው።

እኔ የምኖረው እሱ በወከላት ከተማ፣ በሂዩስተን ቴክሳስ ነው። ሙያዬም እሱ የተማረው ሙያ ነው፤ ፋርማሲስት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ዝም ማለት አቃተኝ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሌላንድ የተወለደው በ1944 በቴክሳስ ሉበክ ከተማ ነው። ያደገው ግን ሂዩስተን ውስጥ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ተለያቸው። እናቱ ምግብ በማብሰል ሥራ እየሠራች አሳደገችው፤ ጎን ለጎን ተምራም አስተማሪ ሆነች። በ1963 ከፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨረሰ። ከዓመታት በፊት ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ ባርባራ ጆርዳን። ኋላ ላይ እመለስባታለሁ። ሌላንድ ከዚያ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1970 በፋርማሲ ተመረቀ። ጥቂት ጊዜም እዚያው አስተማረ።

ብዙ ሰው ስለሱ ሲያወራ ይህን የሕይወቱን ክፍል ሮጦ ያልፈዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ወጣቱ ፋርማሲስት የድሃ ሰፈሮችን ቤት ለቤት እየዞረ ሰው እንዲታከም የሚቀሰቅስ ዘመቻ አደራጀ። የት መታከም እንደሚቻል፣ ምን አገልግሎት እንዳለ ይነገራቸዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራም ይደረግላቸዋል። ይህን ነገር ሞክሮ ያየ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ደሃ ሰው በር ላይ ቆሞ "ደም ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ሰው ያፍራል። ይፈራል። ሒሳብ ይመጣብኛል ብሎ ይደበቃል። በሩን የሚከፍትልህ ደጋግመህ ስትሄድ ብቻ ነው። ሌላንድ ፖለቲካን የተማረው እዚያ በር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1972 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳደረ። በዚያ ዓመት የሂዩስተን አካባቢ የምርጫ ክልሎች በትንንሹ ተከፋፍለው ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሰው መምረጥ ቻለ። ከዚያ በፊት በሰፊ ክልል ውስጥ ተውጦ ይቀር የነበረው የጥቁሩና የሜክሲኮ አሜሪካዊው ድምፅ ሰው ማስገባት ጀመረ። ሌላንድ አሸንፎ አውስቲን ሲገባ ዳሺኪ የሚባለውን የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አፍሮ አድርጎ ነበር። በክራባትና በካውቦይ ቦት ጫማ የለመደው ምክር ቤት ደነገጠ። ጋዜጦች ስለ ልብሱ ጻፉ። እሱ ግን ይዞት የገባው ጉዳይ መድኃኒት ነበር።

ለአንባቢዎቻችሁ ነገሩን ላስረዳ፤ የዕለት ሥራዬ ነውና። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሌላው የውስጡ ፈዋሽ ንጥረ ነገር ስም ነው። ሌላ ፋብሪካ ያንኑ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ሠርቶ ሲያወጣው ጄኔሪክ ይባላል፤ ዋጋውም እጅግ ይቀንሳል። በዚያ ዘመን ግን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ሐኪም ማዘዣው ላይ የንግዱን ስም ከጻፈ ፋርማሲስቱ በርካሹ እንዳይተካ ሕግ ይከለክለው ነበር። መደርደሪያው ላይ ርካሹ ቁጭ ብሎ፣ ፊትህ የቆመችው አሮጊት ገንዘብ አጥሯት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ወይ ግማሹን ብቻ ገዝታ ትሄዳለች። ዛሬም ቢሆን ክኒን ለሁለት እየሰበሩ የሚውጡ ሰዎች ወደኔ ይመጣሉ። "እስከ ወር መጨረሻ እንዲያደርሰኝ ነው" ይሉኛል። ሌላንድ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ያውቀዋል። በቴክሳስ ምክር ቤት በቆየባቸው 6 ዓመታት ደሃው ጄኔሪክ መድኃኒት በቅናሽ እንዲያገኝ የሚያስችል ሕግ እንዲወጣ ታገለ። የዚህ ትግል ፍሬ ዛሬ በየፋርማሲው ይታያል። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በዚያው ዘመን ታንዛኒያን ለመጎብኘት ለ3 ሳምንት ብሎ ሄዶ 3 ወር ቆየ። ከአፍሪካ ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ባርባራ ጆርዳን ልመለስ። የሂዩስተን 18ኛው የምርጫ ክልል ወኪል እሷ ነበረች። በቃኝ ብላ ስትለቅ በ1978 ሌላንድ ተወዳድሮ አሸነፈ። በጥር 1979 ዋሽንግተን ገባ። የወንበሩ ታሪክ የሚደንቅ ነው። ከሌላንድ በኋላ ክሬግ ዋሽንግተን፣ ቀጥላ ሺላ ጃክሰን ሊ፣ ለአጭር ጊዜ ልጇ ኤሪካ ሊ ካርተር፣ ከዚያ ሲልቬስተር ተርነር ተቀመጡበት። ከነዚህ ውስጥ ሌላንድ፣ ጃክሰን ሊና ተርነር በሥራ ላይ እያሉ ነው ያረፉት።

በኮንግረስ ብዙ ነገር ነካክቷል። ሁሉን አልዘረዝርም። ከ1985 እስከ 1987 የጥቁር ኮንግረስ አባላት ኅብረትን መርቷል። የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ተቃውሟል። ከፊፍዝ ዋርድና ከአካባቢው ወጣቶችን እየመለመለ እስራኤል ልኮ ኪቡትዝ በሚባለው የጋራ እርሻ መንደር ውስጥ እንዲኖሩና እንዲማሩ አድርጓል። ስፓኒሽ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። በምርጫ ወረቀት ላይ ስፓኒሽ ይቅር የሚል ሐሳብ ሲመጣ ኮንግረሱ ፊት ቆሞ በስፓኒሽ ንግግር አደረገ። አብዛኞቹ አልገባቸውም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ድምፅ መስጫ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰማው በራሳቸው ደረሰባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ነገሩን አሳይቶህ ነው የሚከራከርህ።

ዋናው ሥራው ግን ረሃብ ነው። ከኒው ዮርኩ ሪፐብሊካን ቤን ጊልማን ጋር ሆኖ በኮንግረስ ውስጥ ስለ ረሃብ ብቻ የሚሠራ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ለፋ። በየካቲት 1984 ተሳካለት፤ ሰብሳቢም ሆነ። ወሩን ልብ በሉልኝ። የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ያስለቀሰው በጥቅምት 1984 ነው። ኮሚቴው ከዚያ 8 ወር ቀድሞ ቆሞ ነበር። ቴሌቪዥን አይቶ የተነሳ ሰው አይደለም። ኮሚቴው ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። ምስክር መጥራት፣ መመርመር፣ ሪፖርት ማውጣትና ሕግ አውጪዎቹን ኮሚቴዎች መወትወት ብቻ ነበር የሚችለው። ሌላንድ ያንን ትንሽ ሥልጣን ተጠቅሞበታል።

በ1984 መጨረሻ የኮንግረስ አባላትን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ። ያየውን አየ። ከጉብኝቶቹ በአንዱ፣ በአንድ የስደተኞች ጣቢያ፣ አንዲት ልጅ አጠገቡ ነበረች። ከሌላ ሰው ጋር ሊነጋገር ፊቱን አዞረ። መለስ ብሎ ሲያያት ሞታለች። ፊቷ በየቀኑ እንደሚታየው ኋላ ተናግሯል። ዋሽንግተን ሲመለስ ለአፍሪካ ረሃብ አስቸኳይ ገንዘብ እንዲፈቀድ ወጠረ። በ1985 ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምግብና የእርዳታ ገንዘብ ጸደቀ። ፕሬዚዳንት ሬገንም ፈረሙበት።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። በኛ 1977 መሆኑ ነው። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ላይ ናት። ስንዴ የጫኑ መኪኖች ቀንና ሌሊት ያልፉ ነበር። ከአምባሰልና ከየጁ የመጡ ዘመዶቻችን ቤታችን ሞልተው ነበር። እናቴ ከጆንያው የተረፈውን ፍሬ ከመሬት እየለቀመች ትቆላው ነበር። ያ ስንዴ ከየት እንደመጣ፣ ማን ተከራክሮ እንዳስመጣው የሚነግረን አልነበረም። እኛ ያወቅነው ሂዩስተን ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ለእናቴም በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። "ስሙን ንገሪኝ" አለችኝ። እስካሁን በጸሎቷ ታነሳዋለች።

ገንዘቡ ዝም ብሎ አልተገኘም። በሁለቱም በኩል የተቆጣ ነበር። በዋሽንግተን በኩል፣ ለኮሚኒስት መንግሥት እንዴት እህል እንልካለን የሚሉ ነበሩ። አዲስ አበባ የአሜሪካ አምባሳደር ካጣች ያኔ ዓመታት አልፈው ነበር። ሌላንድ ግን ከኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር ነበር። ሰው ለማዳን ከማንም ጋር እነጋገራለሁ ብሎ ያምናል። ለዚህ ተወቅሷል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሱ ጋር ነኝ። የደርግን ግፍ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ በሰፈራ ስም ከቤተሰቡ የተነጠለ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ግን ያ ስንዴ በደርግ ወደብ፣ በደርግ ፈቃድ እንጂ በሌላ መንገድ ኮምቦልቻ ሊደርስ አይችልም ነበር። ያልተነጋገረ ሰው ያንን በር አያስከፍትም።

ሌላው ቁጣ ከራሱ ሰፈር የመጣ ነው። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። የሂዩስተን ኑሮ ነዳጅ ነውና ከተማዋ ተናጋች፤ ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ። ፊፍዝ ዋርድ እየተራበ አንተ አፍሪካ ትዞራለህ ያሉት ሰዎች ነበሩ። እሱም የዚህች አገር ዜጋ የሆንኩትን ያህል የዓለምም ዜጋ ነኝ ብሎ መለሰላቸው። ያደግኩበት ክርስትና ታናናሾችን እርዳ ይላል አላቸው። መልሱን በቃል ብቻ ቢተወው ኖሮ ትችቱ እውነት ይሆን ነበር። እሱ ግን የአሜሪካንም ረሃብ ችላ አላለም። በ1987 አንድ የብርድ ሌሊት ከሌሎች የኮንግረስ አባላት ጋር ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ተኝቶ አደረ፤ ቤት የሌላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያድሩ አገሩ እንዲያይ። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የተመጣጠነ ምግብ እንዲያገኙ፣ ሕፃናት በከንቱ እንዳይሞቱ ይወተውት ነበር። ከሞተ በኋላ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ ድጎማ የሚያጠናክሩ ሕጎች በ1990ና በ1993 ሲወጡ በሱ ስም ተሰይመዋል። ዛሬ ሎን ስታር የሚባለውን የቴክሳስ የምግብ ድጎማ ካርዷን ከመድኃኒቷ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የምትመጣ እናት ሁሉ የሱ ሥራ ደርሷታል።

አሁን ወደ ነሐሴው ልምጣ።

በ1989 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰዶ ነበር። ፉኝዶ የተባለው ጣቢያ ውስጥ ያለ ወላጅ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የመጡ ሕፃናት በብዛት ነበሩ። ሌላንድ ሊያያቸው ተነሳ። ዕለቱ ሰኞ፣ ኦገስት 7 ነው። በኛ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ቀን። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሆነችው ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሳች። ክረምት ነው። የምዕራቡን ተራራ ደመና በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

የጠፋችውን አውሮፕላን ለመፈለግ ደርግ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች አገር ውስጥ ገብተው እንዲበሩ ፈቀደ። ሁለቱ መንግሥታት በነበሩበት ሁኔታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኛ ነሐሴ 7 ቀን እሑድ ስብርባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች የተረፈ አልነበረም። ባለቤቱ አሊሰን ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የ3 ዓመት ወንድ ልጅም ነበራቸው። በተከታዩ ጥር መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች።

የፉኝዶ ልጆችስ? በ1991 ደርግ ሲወድቅ ጣቢያውን ጥለው ወደ ሱዳን ተመለሱ። ጦርነት እያሳደዳቸው ብዙዎቹ በ1992 ኬንያ ካኩማ ገቡ። ከነሱ መካከል ኋላ አሜሪካ የመጡ አሉ፤ ሂዩስተንም የገቡ አሉ።

የረሃብ ኮሚቴው በ1993 በበጀት ቁጠባ ስም ተዘጋ። ከሌላንድ በኋላ ይመራው የነበረው የኦሃዮው ቶኒ ሆል ተቃውሞውን ለማሳየት 22 ቀን ጾመ። ኮሚቴው አልተመለሰም። በምትኩ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የሚባል ድርጅት ተመሠረተ፤ በሌላንድ ስምም ወጣቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሂዩስተን ደግሞ ስሙን አልረሳችም። የአውሮፕላን ማረፊያችን ዓለም አቀፍ ተርሚናል በስሙ ተሰይሟል። መሀል ከተማ ያለው የፌዴራል ሕንፃ በስሙ ነው። በተማረበት ዩኒቨርሲቲም ከባርባራ ጆርዳን ጋር አንድ ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰይሞላቸዋል። አዲስ አበባም ቦሌ አካባቢ ሚኪ ሌላንድ ጎዳና አለ። ባለፈው ስመጣ የራይድ ሾፌሩን ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። "ዘፋኝ ይመስለኛል" አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ማንም አልነገረውም። ከታፔላው ሥር ሁለት መስመር ማብራሪያ ቢጻፍ ምን ይከፋል? የክፍለ ከተማው ሰዎች ይህን ካነበቡ ያስቡበት።

የምጠይቃችሁ ግን ሌላ ነው። ከ16ቱ ሟቾች 9ኙ አሜሪካውያን ናቸው። የሌላንድ ረዳቶች፣ የእርዳታ ሠራተኞች፣ አብሮት የመጣ ነጋዴ። የሁሉንም ስም፣ የአንዳንዶቹንም ፎቶ አግኝቻለሁ። የቀሩት 7ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አውሮፕላኗን ያበረሩትም ከነሱ ውስጥ ናቸው። ስለነሱ ባነበብኩት ሁሉ "7 ኢትዮጵያውያን" ተብሎ ይታለፋል። እነሱም ወደዚያው የሕፃናት ጣቢያ ነበር የሚሄዱት። እነሱም በፍልሰታ መግቢያ ማለዳ ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ሚስት፣ ልጅ፣ እናት ነበራቸው። ልጆቻቸው ዛሬ ከአባቶቻቸው ዕድሜ ያለፉ ጎልማሶች ናቸው።

ጋዜጠኞች ናችሁና መንገዱን ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የዚያን ዘመን ጋዜጦች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አሉ። የነሐሴ 1981 ቅጾችን ብታገላብጡ ስማቸውን ልታገኙ ትችላላችሁ። በኮሚሽኑ የሠሩ ጡረተኞችም በሕይወት አሉ፤ ብትጠይቋቸው ያስታውሳሉ። በመጪው ነሐሴ 1 ስለ ሌላንድ ስትጽፉ የሰባቱንም ስም ከነሥራቸው አውጡልን። የሌላንድ ቤተሰብም ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ የሰባቱ ቤተሰቦች ካነበባችሁት፣ እባካችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፤ ስምና የሥራ ድርሻ ብቻ እንኳ ይበቃል። የሌላንድ ማኅደር ያለው እዚህ በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔም ከሥራ ዕረፍት ስወጣ ሄጄ የጉዞውን ወረቀቶች እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ካለ ቅጂውን እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ፋርማሲስት
ሂዩስተን፣ ቴክሳስ